ያልነገርኩት ሃይድሮጅን

የኬሚስትሪ ተማሪ ሆኖ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ሁለት ዓይነት አስተያየት ይደርሰዋል። አንደኛው «አንቺማ ተገላገልሽ፤ ጋውን የለ፣ አሲድ የለ፣ ቁጭ ብሎ መጫን ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እና ይሄ ኬሚስትሪ ነው?» የሚል ነው። እኔም ርዕሴን በተቀበልኩበት ሳምንት ሁለቱንም ከዶርም ጓደኞቼ ሰምቻለሁ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ኮምፒውተሩን የመረጥኩት ወድጄው ብቻ አልነበረም። የሚያስፈልገኝ ኬሚካል ተገዝቶ እስኪመጣ ሴሚስተሩ ሊያልቅብኝ ይችላል፤ ፕሮግራሞቹ ግን በነፃ ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ምቾቱ አይደለም። አንዲት ሃይድሮጅን ለኮምፒውተሩ ሳልነግረው ቀርቼ ያልሆነ ነገር ላሳትም እንደነበር፣ ከዚያም አልፎ አንድ የምወደው ሰው እንዴት እንደተጨነቀ ነው።

ርዕሴ አሮማቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ሰብስትሬቱን እንዴት እንደሚይዝ በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ማየት ነበር። ሰብስትሬት የምንለው ኢንዛይሙ ይዞ የሚለውጠውን ሞለኪውል ነው። አሮማቴዝ ከሆርሞን ሆርሞን የሚሠራ ኢንዛይም ነው። በተለምዶ «የወንድ» ከምንላቸው ሆርሞኖች «የሴት» የምንላቸውን ያወጣል፤ ቴስቶስተሮንን ወደ ኤስትራዳዮል፣ አንድሮስቴንዳዮንን ወደ ኤስትሮን ይለውጣል። (ወንዱም ሴቱም በሰውነቱ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት እንዳለው እዚህ ላይ ይታወስልኝ።) ወረቀት ላይ ሲሳል ለውጡ ትንሽ ነው። አንድሮስቴንዳዮን 19 ካርቦን አለው፣ ኤስትሮን 18። ኢንዛይሙ 19ኛዋን ካርቦን በሦስት ደረጃ ኦክሲዳይዝ ያደርግና በፎርሚክ አሲድ መልክ ያስወጣታል፤ የመጀመሪያው ቀለበትም አሮማቲክ ይሆናል። ስሙ የመጣው ከዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውልና አንድ ኤንኤዲፒኤች ይፈጃል። ሥራውን የሚሠራው በኢንዛይሙ ሆድ ውስጥ የተቀመጠው ሄም ነው፤ መሐሉ ላይ ብረት ያለው፣ በሄሞግሎቢን ውስጥ የምናውቀው ዓይነት።

ይህ ኢንዛይም ለምን ተፈለገ? ከጡት ካንሰር ዓይነቶች አብዛኞቹ የሚያድጉት ኤስትሮጅንን ተመርኩዘው ነው። የወር አበባቸው የቆመ ሴቶች ኦቫሪያቸው ኤስትሮጅን ማምረት ቢያቆምም በስብ ሕዋሳትና በሌሎች ቦታዎች ያለው አሮማቴዝ ግን ሥራውን አያቆምም። ስለዚህ አሮማቴዝን የሚያግዱ መድኃኒቶች ተሠሩ፤ ሌትሮዞል፣ አናስትሮዞልና ኤክሰመስቴን ይባላሉ። ሌትሮዞል ብዙውን ጊዜ በቀን አንዴ የሚወሰድ 2.5 ሚሊግራም ኪኒን ነው። ይህን ቁጥር ከመጽሐፍ በፊት ያየሁት አክስቴ ቤት ቴሌቪዥኑ አጠገብ በተቀመጠ ካርቶን ላይ ነበር። አክስቴ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሐኪሟ ያዘዘላትን ይህንኑ ኪኒን በየቀኑ ትውጣለች። አማካሪዬ የርዕስ ዝርዝር ሲሰጡኝ «አሮማቴዝ» የሚለው ላይ ጣቴ የቆመው ያለ ምክንያት አልነበረም።

መነሻዬ የኢንዛይሙ ክሪስታል ስትራክቸር ነው። የሰው አሮማቴዝ ቅርጽ ለብዙ ዓመታት አይታወቅም ነበር። ኢንዛይሙ ሜምብሬን ላይ ተጣብቆ የሚኖር ስለሆነ ክሪስታል ለማድረግ አስቸግሮ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ሲሙሌሽን የሚሠሩ ሰዎች ቅርጹን ከዘመዶቹ፣ ማለትም ከሌሎች ፒ450 ኢንዛይሞች፣ እየገመቱ ነበር የሚሠሩት። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ደባሺሽ ጎሽና ባልደረቦቹ ኢንዛይሙን ከሰው የእንግዴ ልጅ አጥርተው፣ አንድሮስቴንዳዮንን እንደያዘ፣ በ2.90 አንግስትሮም ጥራት ስትራክቸሩን ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡ። በፕሮቲን ዳታ ባንክ 3ኢኪውኤም በሚል መለያ ማንም ሰው ሊያወርደው ይችላል። እኔም አወረድኩት። አሮማቴዝ የ503 አሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። ሰብስትሬቱ የሚገባበት ኪስ ግን ከ400 ኪዩብ አንግስትሮም አይበልጥም፤ ስቴሮይዱን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ጠባብ ቦታ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ዶኪንግ ነበር። በዶኪንግ ፕሮግራሙ ሞለኪውሉን በኪሱ ውስጥ እያገላበጠ፣ እያዞረና እያጠፈ ብዙ አቀማመጦችን ይሞክራል፤ ለእያንዳንዱም በኪሎካሎሪ በሞል ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ወደ ኔጌቲቭ በራቀ ቁጥር ይሻላል ማለት ነው። ጥሩ ልማድ የሚባለው በክሪስታሉ ውስጥ ያለውን ሞለኪውል አውጥቶ ፕሮግራሙ ወደ ቦታው ይመልሰው እንደሆነ መፈተን ነው። ከእውነተኛው ቦታ ያለው አማካይ ርቀት ከ2 አንግስትሮም ካነሰ «አልፏል» ይባላል። እኔም ቪና የተባለውን ፕሮግራም ጫንኩና ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ውጤት የሚያስቅ ነበር። ስቴሮይዱ ክሪስታሉ ላይ ካለበት ቦታ ርቆ ሌላ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተመቻችቶ ተኝቷል። ነጥቡም ያማረ ነው! ለግማሽ ቀን ያህል ሳየው ቆየሁ። በኋላ አንዱ የላብ ጓደኛዬ ከትከሻዬ በላይ አየት አድርጎ «ሄሙ የታለ?» አለኝ። ወይ ጉድ! ፋይሉን ሳጸዳ ውሃዎቹንና የቆየውን ሰብስትሬት ለማውጣት ብዬ «ሄትአቶም» በሚል የሚጀምሩትን መስመሮች በሙሉ በአንድ ትእዛዝ አጥፍቼ ነበር። ሄሙም የተጻፈው እነዚያው መስመሮች ላይ ነው። ስቴሮይዱ ሄሙ ሲነሣ ባዶ በቀረው ቦታ ነበር የተኛው። ፕሮግራሙ አንዲት ቃል አልተቃወመም። «ይህ ኢንዛይም ያለ ብረቱ ምን ይሠራል?» ብሎ አልጠየቀኝም። የሰጠሁትን ጉድጓድ ሞላልኝ፣ ነጥብ ሰጠኝ፣ በቃ።

በዚህ ስቄ አለፍኩ። ከዚህ ነገር መማር የነበረብኝን ትምህርት ግን ያን ቀን አልተማርኩም።

ሄሙን መልሼ ስሠራ ቪና ዘጠኝ አቀማመጦችን ደርድሮ ሰጠኝ። ክሪስታሉ ላይ የአንድሮስቴንዳዮን አቀማመጥ የታወቀ ነው። 17ኛው ካርቦን ላይ ያለው ኬቶን ከሜታዮኒን 374 ጋር የሃይድሮጅን ቦንድ ይሠራል፤ አርጂኒን 115ም ቅርቡ ነው። በሌላው ጫፍ 3ኛው ካርቦን ላይ ያለው ኬቶን ከአስፓርቲክ አሲድ 309 ኦክስጅን በ2.6 አንግስትሮም ርቀት ላይ ይገኛል። መሐል ላይ 19ኛዋ ካርቦን ከብረቱ 4 አንግስትሮም ርቃ ትጠብቃለች። የእኔ ውጤት ግን አንደኛ ያደረገው ተገልብጦ የተቀመጠውን ነበር፤ የ3 ኬቶን ወደ ሜታዮኒን፣ የ17 ኬቶን ወደ አስፓርቲክ አሲድ። ትክክለኛው ሁለተኛ ወጣ። ልዩነታቸው 0.2 ኪሎካሎሪ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ላስታውሳችሁ። በክፍል ሙቀት የ1.4 ኪሎካሎሪ ልዩነት የመያዝ ጥንካሬውን በ10 እጥፍ ያህል ይለውጠዋል። የቪና ነጥብ የራሱ ስሕተት ደግሞ፣ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው እንደጻፉት፣ ወደ 2.85 ኪሎካሎሪ ነው። እንግዲህ 0.2 ማለት ምንም ማለት አይደለም። ይህን አውቃለሁ፤ ፈተና ላይ ቢመጣ እመልሰዋለሁ። ሆኖም አንደኛ የወጣው መገልበጡ በልቤ አንድ ነገር ጫረ፤ «ምናልባት ሌላ አቀማመጥ ቢኖረውስ?» አልኩ።

ዶኪንግ ፕሮቲኑን እንደ ድንጋይ ነው የሚያየው፤ እንቅስቃሴ የለውም። ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ ሞለኪውላር ዳይናሚክስ ነበር። በዚህ ዘዴ ኢንዛይሙ፣ ሰብስትሬቱ፣ በዙሪያቸው ያለው ውሃና ጨው ሁሉ በኒውተን ሕግ ይንቀሳቀሳሉ። ኮምፒውተሩ በየ2 ፌምቶሰከንዱ የእያንዳንዱን አቶም ኃይል አስልቶ ትንሽ ወደፊት ይገፋዋል። 100 ናኖሰከንድ ለማየት 50 ሚሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ማክካሞን፣ ጌሊንና ካርፕለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሮቲንን በዚህ ዘዴ ሲያንቀሳቅሱ ያዩት ከ10 ፒኮሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነበር። ካርፕለስ ከሌቪትና ከዋርሸል ጋር በ2013 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል። አንድ የዲግሪ ተማሪ ዛሬ የዚያን 10,000 እጥፍ ዲፓርትመንቱ ኮምፒውተር ላይ መሥራት መቻሉ በራሱ የሚገርም ነው።

የሚገርመው ግን በቀላሉ አልመጣም። ለሄሙ የሚሆኑትን ቁጥሮች፣ ብረቱ ከሲስቴይን 437 ጋር ያለውን ትስስር ጨምሮ፣ ከታተሙ ሥራዎች ለቅሜ ማስገባት ነበረብኝ። ከዚያ መብራት ጠፋ። ተመልሶ መጣ። እንደገና ጠፋ። ግሮማክስ የተባለው ፕሮግራም በየ15 ደቂቃው የደረሰበትን ስለሚመዘግብ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከዜሮ አይጀምርም፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ላብ እየሄድኩ «ስንት ናኖሰከንድ ደረሰ?» ማለት ልማዴ ሆነ። የዶርም ጓደኛዬ «ልጅሽ አደገልሽ?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

መነሻ ያደረግሁት የክሪስታሉን ትክክለኛ አቀማመጥ ነው። ሩጫው ከተጀመረ ጥቂት ናኖሰከንድ በኋላ የ3 ኬቶን ከአስፓርቲክ አሲድ 309 መራቅ ጀመረ። መሐላቸው ውሃ ገባ። ስቴሮይዱ ዘመም አለ፤ 19ኛዋ ካርቦንም ከብረቱ ራቀች። እስከ መጨረሻው ድረስ አልተመለሰችም። ግራፉን ስሠራ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዶኪንግ የተገለበጠው አንደኛ ወጣ፤ በዳይናሚክስ ደግሞ ክሪስታሉ ላይ ያለው አቀማመጥ አልጸናም። ሁለቱን አገናኘሁና «አዲስ አቀማመጥ» የሚል ንዑስ ርዕስ ጻፍኩ። ምናልባት የክሪስታሉ አቀማመጥ ከበርካታዎቹ አንዱ ብቻ ይሆናል ብዬ ሁለት ገጽ ተነተንኩ። የዲፓርትመንቱ ሴሚናር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ደስታዬን የምነግረው ሰው ፈለግሁና ለአክስቴ ደወልኩ።

«አክስቴ፣ አንቺ የምትወስጂው ኪኒን የሚያግደው ኢንዛይም የለም? እሱን እኮ ነው የማጠናው። ሆርሞኑ ሰዎቹ እንዳሰቡት አይደለም የሚቀመጠው!» አልኳት።

«ጎሽ የኔ ልጅ! ተባረኪ» አለችኝ። ስለ ጤናዋ ጠየቅኋት፣ እሷም ስለ ምግቤ ጠየቀችኝ፤ ተሰነባበትን።

በማግስቱ ረቂቄን ለአማካሪዬ አሳየኋቸው። ጽሑፉን ገና አላነበቡም፤ ሥዕሉን አቅርበው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በእርሳስ ሁለት ክብ አደረጉ፤ አንዱን በስቴሮይዱ ኬቶን ኦክስጅን ላይ፣ ሌላውን በአስፓርቲክ አሲድ 309 ኦክስጅን ላይ።

«የሃይድሮጅን ቦንድ ለመሥራት ስንት ወገን ያስፈልጋል?» አሉኝ።

«ሁለት፤ ሰጪና ተቀባይ።»

«እዚህ ሰጪው ማን ነው?»

ዝም አልኩ። ኬቶን ተቀባይ ነው፤ የሚሰጠው ሃይድሮጅን የለውም። አስፓርቲክ አሲዱ ደግሞ በእኔ ፋይል ሃይድሮጅኑን ጥሎ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዞ ነው የተቀመጠው። ሁለት ተቀባዮችን ፊት ለፊት አስቀምጬ፣ ሰጪ ሳላደርግላቸው፣ ለምን ተለያዩ ብዬ ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ።

«ሃይድሮጅኑን ማን አነሣው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ፕሮግራሙ» ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ነገሩ እንዲህ ነው። በ2.90 አንግስትሮም የኤክስሬይ ስትራክቸር ላይ ሃይድሮጅን አይታይም። ስለዚህ ሃይድሮጅኖቹን የምንጨምረው እኛ ነን። የማዘጋጃ ፕሮግራሙ ሃይድሮጅን ሲጨምር ፒኤች 7 ነው ብሎ ይነሣል፤ የአስፓርቲክ አሲድ ፒኬኤ ደግሞ 4 ገደማ ነው። በዚህ ስሌት ሃይድሮጅኑን ከያዘ አንድ ሞለኪውል አንጻር የጣሉት 1,000 ይሆናሉ። ፕሮግራሙም ሁሉንም አስፓርቲክ አሲዶች አራቆታቸው። ውሃ ውስጥ ላለ አስፓርቲክ አሲድ ይህ ትክክል ነው። 309 ቁጥር ግን ውሃ ውስጥ አይደለም፤ ጠባብና ቅባታማ ኪስ ውስጥ፣ ስቴሮይድ አጠገብ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ብቻውን ኔጌቲቭ ሆኖ መቀመጥ ይከብደዋል፤ ሃይድሮጅኑን መያዝ ይመርጣል፣ ማለትም ፒኬኤው ከፍ ይላል። ስትራክቸሩን ያወጡት ሰዎችም የ2.6 አንግስትሮሟን ርቀት ሲያዩ ይህ አስፓርቲክ አሲድ ሃይድሮጅኑን እንደያዘ ነው የደመደሙት። በ2009ኙ ጽሑፍ ላይ ተጽፏል። አንብቤው ነበር፤ አስምሬበትም ነበር። ግን ፕሮግራሙ ሲጠይቀኝ «እሺ» የሚለውን ተጫንኩ።

ያን ቀን ማታ እናቴ ደወለች። ከሰላምታ በኋላ «ለአክስትሽ ምን ብለሻት ነው?» አለችኝ። አክስቴ ደውላላት «ልጅቷ መድኃኒቱ በተሳሳተ ነገር ላይ ነው የተሠራው አለችኝ፤ አዲሱ እስኪመጣ ይሄን ልተወው ይሆን?» ብላ ጠይቃታለች።

የሰማሁትን ለማመን አቃተኝ። እኔ እንደዚያ አላልኩም። ግን እንደዚያ ነው የተሰማው። ወዲያው ደወልኩላት። «አክስቴ፣ ኪኒኑን አቋርጠሻል?» አልኩ፤ ድምፄ ተለውጧል።

«ኧረ አላቋረጥኩም። ሐኪሜን ሳልጠይቅማ አላቋርጥም። ግን አንቺ ስትዪ...»

«እኔ ተሳስቼ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ መድኃኒቱ አይደለም። የሐኪምሽን ብቻ ስሚ።»

ከዚያም በሚገባት መንገድ ላስረዳት ሞከርኩ። መድኃኒቱ እንደሚሠራ የታወቀው በታማሚዎች ላይ ተሞክሮ እንጂ በእንደ እኔ ዓይነት ሰው ኮምፒውተር አይደለም። ደግሞም ሌትሮዞል እንደ ስቴሮይዱ አይደለም የሚቀመጠው፤ በናይትሮጅኑ በቀጥታ የሄሙን ብረት ይይዛል። ስለዚህ የእኔ ሥዕል ትክክል ቢሆን እንኳ ስለ ኪኒኗ የሚናገረው ነገር አልነበረም። አክስቴ በትዕግሥት አዳመጠችኝና «እንግዲያው ለምን ደስ ብሎሽ ደወልሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የራሴን ብቻ አልነበረም።

በሚቀጥለው ቀን አንዲት ሃይድሮጅን ጨምሬ ሥራውን እንደገና ጀመርኩ። ሌላ ምንም አልነካሁም። ይህን ጊዜ ሩጫውን በተለያየ የመነሻ ፍጥነት ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ አንድ ሩጫ ዕድል ሊሆን ይችላልና። በሦስቱም የ3 ኬቶንና አስፓርቲክ አሲድ 309 ተያይዘው ቆዩ፤ 19ኛዋ ካርቦንም ከብረቱ አጠገብ ጸናች። በዶኪንጉም ትክክለኛው አቀማመጥ አንደኛ ወጣ።

ደስ አለኝ። ወዲያው ግን አንድ ጥርጣሬ መጣብኝ። ክሪስታሉን የሚመስል ውጤት እስካገኝ ድረስ መነሻውን ቀየርኩ፤ ሲመስል ደግሞ «ትክክል ነው» ብዬ አቆምኩ። ይህ የሚፈልጉትን እስኪያገኙ መቆፈር አይደለም? ሲሙሌሽኑ ሃይድሮጅኗ መኖሯን አረጋገጠ ብዬ መጻፍ እችላለሁ? ሃይድሮጅኗን ያስገባሁት እኮ እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ስሕተቴ መነሻዬን አለማየት ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ መነሻዬን እንደ ግኝት መቁጠር ሊሆን ነው።

ከዚህ ያወጣኝ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ንባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጆርናል ኦፍ ባዮሎጂካል ኬሚስትሪ ላይ የታተመ አንድ ሥራ አለ። እነዚህ ተመራማሪዎች እውነተኛውን ኢንዛይም ላብራቶሪ ውስጥ ይዘው፣ ፒኤቹን እየቀያየሩ ሰብስትሬቱ እንዴት እንደሚያያዝ ለክተዋል። የአስፓርቲክ አሲድ 309 ፒኬኤ ወደ 8.2 እንደሆነ አግኝተዋል። በዚህ ቁጥር በፒኤች 7 ስናሰላው ሃይድሮጅኑን የጣለ አንድ ሞለኪውል ሲኖር የያዙት 16 ገደማ ይሆናሉ። ፕሮግራሙ ካሰበው 1,000 ለ1 ጋር አነጻጽሩት፤ ሚዛኑ ሙሉ በሙሉ ዞሯል። ይህ ማስረጃ ከእኔ ሲሙሌሽን ነፃ ነው። የመጣው ከሌላ መንገድ፣ ከእርጥብ ላብራቶሪ ነው። ስለዚህ ሃይድሮጅኗን የማስገባው ሥዕሌ ስላማረ ሳይሆን የተለካ ነገር ስላለ ነው ማለት ቻልኩ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚሉት ይህንን ነው።

ሴሚናሩ ላይ ሁለቱንም ሥዕሎች ጎን ለጎን አቀረብኩ። በግራ በኩል ሃይድሮጅኗ የሌለችበት፣ በቀኝ ያለችበት። «ይህ በግራ ያለው ስሕተቴ ነው፤ እዚህ ድረስ የመጣሁት በእሱ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር። አንድ መምህር «ስሕተቱን ለምን አወጣሽው? ትክክለኛውን ብቻ ብታቀርቢ አይበቃም ነበር?» ብለው ጠየቁ። የመለስኩት እንዲህ ነበር፦ ሁለቱም ሩጫዎች ያለ ችግር ተጠናቀዋል። የማስጠንቀቂያ መልእክት አልመጣም። ሁለቱም ያማረ ግራፍ ሰጡ። የቀኙን ብቻ ካሳየሁ ሰሚው ኮምፒውተሩ ያወቀው ይመስለዋል። ሁለቱ ሲታዩ ግን መልሱን የለወጠው የእኔ ምርጫ እንደሆነ ይታያል። የዚህ ጥናት ውጤት ምንድነው ብትሉኝ፣ የሰብስትሬቱ መጽናት በአንዲት ሃይድሮጅን ላይ መንጠልጠሉ ነው።

ያላደረግሁትንም ተናገርኩ። 100 ናኖሰከንድ የሰከንድ አሥር ሚሊዮንኛ ነው፤ አሮማቴዝ ግን በደቂቃ ጥቂት ሞለኪውሎችን ብቻ የሚለውጥ ዘገምተኛ ኢንዛይም ነው። በእኔ ሩጫ ውስጥ አንዲት ኬሚካዊ ቦንድ እንኳ አልተሰበረችም፤ የተጠቀምኩበት ዘዴ ቦንድ መስበር አይችልም። ኢንዛይሙም የሚኖርበት ሜምብሬን በሞዴሌ ውስጥ የለም። እኔ ያየሁት እንግዳው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ነው፤ ሲበላ አላየሁም።

ለከርሞ ተመራቂዎች፣ በተለይ «ተገላገልሽ» ለምትባሉት፣ ሦስት ነገር ልበልና ላብቃ። አንደኛ፣ ፋይል ስታጸዱ ምን እንደጠፋ ቁጠሩ፤ ኢንዛይሙ ሄም ወይም ብረት ካለው መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ስለ ሃይድሮጅን ሲጠይቃችሁ «እሺ» ከማለታችሁ በፊት በኪሱ ውስጥ ያሉትን አስፓርቲክ፣ ግሉታሚክና ሂስቲዲን አንድ በአንድ መርምሩ፤ የወሰናችሁትንም ከነምክንያቱ ጻፉ። ሦስተኛ፣ ያማረ ውጤት ስታገኙ ስልክ ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ቀን ተኙበት።

«እና ይሄ ኬሚስትሪ ነው?» ለሚለው ጥያቄ አሁን መልስ አለኝ። ማን ሃይድሮጅን እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚቀበል ካልጠየቅሁ አይደለም።

አክስቴን ባለፈው እሑድ ሄጄ ጠየቅኋት። ካርቶኑ አሁንም ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው። ቡና እያፈላች «ያቺ የጠፋችሽ ነገር ተገኘች?» አለችኝ። «ተገኘች» አልኳት። «ኪኒኔንስ?» አለች። «ሐኪምሽ እንዳለሽ ቀጥዪ» አልኩ። «እሱንማ እየቀጠልኩ ነው» ብላ ስኒዎቹን ማጠብ ጀመረች።